ኮራል በ2,100 ሜትር ከፍታ፦ አቃቂ ቃሊቲ ላይ የባሕር አኳሪየም ውኃ እንዴት ይንቀሳቀስ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የኮራል ሪፍ አለ። የምሬን ነው። አፋር ወርዳችሁ የዳሎልን የጨው ሜዳ ዳር ዳሩን ብትቃኙ፣ ከጨዉ ከፍ ብለው በሚታዩት ጠርዞች ላይ ድንጋይ የሆነ ኮራል ታገኛላችሁ። ከመቶ ሺህ ዓመታት በፊት ቀይ ባሕር ወደ ደናክል ዝቅተኛ ሥፍራ ዘልቆ ገብቶ ነበር፤ ያን ሪፍ የገነቡት የዚያ ዘመን ኮራሎች ናቸው። ኋላ ባሕሩ የሚገባበት በር ተዘጋ። አዲስ ውኃ መምጣቱ ሲቀር ያለው እየተነነ ሄደ፣ ጨዋማነቱ በረታ፣ ሪፉም አበቃለት። በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ ሲወጣ የኖረው አሞሌ ጨው ውኃው ከሄደ በኋላ የቀረው ነው።

ያን ሪፍ ያጠፋው አዲስ ውኃ መምጣቱ መቅረቱ ነው፤ ነገር ግን ስለ ባሕር አኳሪየም ጨዋታ ሲነሣ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጨውና ስለ መብራት ነው። ጨዉ በባልዲ ታሽጎ ይሸጣል፤ መብራቱም ገንዘብ ካለ ይገዛል። ሦስተኛውን ግን የሚያነሣው ጥቂት ነው፦ ውኃው በምን ያህል ፍጥነት፣ በየት በኩል፣ እንዴት ባለ መንገድ ይንቀሳቀስ? እንደ እኛ ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ለሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ መቅደም አለበት። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው፤ ነገሩ ከምታስቡት በላይ ደስ ይላል።

መሄድ የማይችል እንስሳ

ኮራል ሲያዩት ተክል ይመስላል፣ ሲነኩት ድንጋይ ነው፤ በተፈጥሮው ግን እንስሳ ነው። ፖሊፕ የምንላት እያንዳንዷ ትንሽ አካል አንድ አፍ፣ በአፉም ዙሪያ ምግብ የምትይዝባቸው ቀጫጭን መዳበሻዎች አሏት። ሥጋዋ ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እነዚህ በብርሃን ኃይል ስኳር ሠርተው ለኮራሉ ያካፍላሉ፤ ኮራሉም ማደሪያና ማዳበሪያ ይሰጣቸዋል። ሪፍ የሚባለው ግዙፍ ግንባታ ከዚህ ሽርክና የተገኘ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ዓሣ ሲታፈን ወደ ውኃው ፊት ይወጣል፣ ሲርበው ይፈልጋል፤ ውኃውንም በስንጥቡ በኩል ራሱ ያሳልፈዋል። ኮራል ስንጥብ የለው፣ ሳንባ የለው፣ እግር የለው። ኦክስጅን የሚገባው በቆዳው ነው። አጥንቱን የሚገነባበት ካልሲየም የሚደርሰውም ከውኃው ነው። ቆሻሻው፣ ንፍጡ፣ ላዩ ላይ ያረፈው ደለል የሚወገድለት በዋናነት ውኃው ጠርጎ ሲወስድለት ነው። ለእኛ ምግብ ማቅረብ፣ አየር ማስገባትና ቤት መጥረግ ሦስት ሥራ ነው፤ ለኮራል ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ሠሪውም የሚንቀሳቀሰው ውኃ ነው።

ከቆዳው ላይ የማትላቀቀው ስስ ውኃ

ውኃ ምንም ያህል ቢፈጥን፣ ከኮራሉ ቆዳ ጋር የምትነካካው የመጨረሻዋ ስስ ሽፋን ተጣብቃ ትቀራለች። ትኩስ ሻይ እፍ ስትሉ የምታደርጉትን አስቡ፦ ሻዩ ላይ የተኛውን ሙቅና እርጥብ አየር ገፋችሁ በቀዝቃዛው ትተኩታላችሁ፤ ያን ጊዜ ሻዩ ቶሎ ይበርዳል። በኮራልም ላይ ተመሳሳይ ሽፋን አለች። ውኃው ሲረጋ ትወፍራለች፣ ሲንቀሳቀስ ትሳሳለች።

የዚህች ሽፋን ውፍረት ይህን ያህል የሚያስጨንቀው ኦክስጅን በረጋ ውኃ ውስጥ የሚጓዘው እጅግ በዝግታ ስለሆነ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ለመሻገር 4 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። 1 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ግን 40 ደቂቃ እንዳይመስላችሁ፤ 7 ሰዓት ገደማ ነው! ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ጊዜው መቶ እጥፍ ይሆናልና። ሽፋኗን በግማሽ ማሳሳት ማለት እንግዲህ የኮራሉን እስትንፋስ ብዙ ማቅለል ነው።

ማታ ማታ ኮራልና አልጌዎቹ ሁለቱም ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ ብርሃን ስለሌለ የሚያመርት የለም። ቀን ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። አልጌዎቹ ብርሃን ላይ ሲሠሩ ኦክስጅኑ ሥጋው ውስጥ ይከማችና የራሳቸውን ሥራ ያውክባቸዋል። በኤይላት፣ በዚያው በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ የተሠራና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የውኃ እንቅስቃሴ የኮራልን ምርት የሚያሳድገው ትርፉን ኦክስጅን ከሥጋው ጠርጎ በማውጣት ነው። ያው ፍሰት ማታ ኦክስጅን ያስገባል፣ ቀን ያስወጣል ማለት ነው።

ኮራሉም እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም። በ2014 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች በማይክሮስኮፕ አጉልተው ሲያዩ፣ ኮራል ቆዳው ላይ ባሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ውኃውን እያማሰለ የራሱን ትንንሽ አዙሪት እንደሚፈጥር አረጋገጡ። ያ ግን መቆያ እንጂ መኖሪያ አይሆነውም። በ1998 እ.ኤ.አ. የባሕር ሙቀት በዓለም ዙሪያ ኮራሎችን ሲያነጣ፣ በጃፓን ኦኪናዋ የተከታተሉ ሳይንቲስቶች ኃይለኛ ፍሰት ውስጥ የነበሩት ኮራሎች ውኃው ከረጋባቸው በተሻለ እንደተረፉ አስተውለዋል። ሙቀቱ ያው ሆኖ ልዩነት ያመጣው የውኃው እንቅስቃሴ ነበር።

እኛ ጋ አየሩም ስስ ነው

አሁን ወደ ሠፈራችን እንምጣ። በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ብዙዎቹ የተጻፉት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ሳይል ለሚኖር ሰው ነው። አቃቂ ቃሊቲ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ከአምስት እጅ ከአንዱ በላይ ያንሳል። ውኃ እዚህ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው። ግፊቱ ሲያንስ ወደ ውኃ የሚገባው ኦክስጅንም ያንሳል።

ቁጥሩን ላስላላችሁ። 25 ዲግሪ ላይ ያለ የባሕር ውኃ በባሕር ጠለል ከፍታ በአንድ ሊትር 6.75 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። በእኛ ከፍታ ግን ጢም ብሎ ሲሞላም 5.2 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። እንግዲህ 200 ሊትር ውኃ ባለው አኳሪየም ውስጥ፣ ከዓሣው እስከ ኮራሉ ሁሉም የሚተነፍሱት ጠቅላላ ኦክስጅን 1 ግራም ያህል ነው። አንድ ግራም! አሁን ደግሞ ተቃራኒውን ስሙ፦ ሳሎናችሁ ውስጥ ያለው አየር በ5 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ፣ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ኦክስጅን 200 ሊትሩ ውኃ ከያዘው ጋር እኩል ነው።

ሀብቱ ያለው ከውኃው ፊት በላይ ነው፤ ሥራችን ማስገባት ነው። መግቢያው ደግሞ የውኃው ፊት ብቻ ነው። ስለዚህ አቃቂ ላይ አኳሪየም የሚያቆም ሰው የመጀመሪያውን ፓምፕ ወደ ላይ አቅንቶ የውኃው ፊት ያለማቋረጥ እንዲናወጥ ያድርግ። ፊቱ መስታወት መስሎ ከተኛ ወይም ላዩ ላይ የቅባት ሽፋን ካያችሁ በሩ ተዘግቷል ማለት ነው። ከላይ የሚገጠመውን መስታወት ክዳንም ትታችሁ በመረብ ተኩት፤ ዓሣው አይዘልም፣ አየሩም ይገባል።

ሰፊውና የሚናወጠው ፊት ትነትን ይጨምራል፤ በተለይ በበጋው ደረቅ አየር። የሚተነው ንጹሕ ውኃ ነው፤ ጨዉ ይቀራል። በየቀኑ የጎደለውን በተጣራ ጨው አልባ ውኃ ሙሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ቅዝቃዜው ስለሚበረታ ማሞቂያ ግድ ነው። ማሞቂያውን ፍሰት በሚያልፍበት ቦታ አድርጉት፤ የረጋ ጥግ ውስጥ ከተቀመጠ ያለበትን ጥግ ብቻ አሙቆ ያለ ጊዜው ይጠፋል፣ ማዶ ያለው ኮራል ግን ሲንቀጠቀጥ ያድራል።

ስንት ሊትር በሰዓት?

ርዝመቱ 100፣ ስፋቱና ቁመቱ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም እንውሰድ። ቢሞላ 250 ሊትር ነው፤ ድንጋዩ፣ አሸዋውና ከላይ ያለው ክፍት ቦታ ሲቀነስ 200 ሊትር ውኃ ይኖረዋል እንበል። በዘርፉ የቆዩ ሰዎች የሚጠቀሙበት የጣት ስሌት ውኃው በሰዓት ስንት ጊዜ ይዟዟራል የሚል ነው።

ለለስላሳ ኮራሎች፣ ማለትም እንደ ዲስኮሶማና ዞአንተስ ላሉት፣ ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይበቃል፤ በሰዓት ከ2,000 እስከ 4,000 ሊትር ማለት ነው። እንደ ዩፊሊያ ያሉ ትልልቅ ፖሊፕ ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች ከ15 እስከ 30 እጥፍ፣ ማለትም ከ3,000 እስከ 6,000 ሊትር ይፈልጋሉ። አክሮፖራን የመሳሰሉት ትንንሽ ፖሊፕ ያላቸው ግን ማዕበል የሚሰበርበት ቦታ ለምደዋልና 40 እጥፍና ከዚያ በላይ ይሻሉ፤ ከ8,000 ሊትር በላይ ነው። ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም።

ታች ሳምፕ፣ ማለትም ማጣሪያው የሚቀመጥበት ሁለተኛ ገንዳ ካላችሁ የሳምፑን ፓምፕ ከዚህ ስሌት ለይታችሁ አስቡት። የእሱ ሥራ ውኃውን ወደ ማጣሪያው አውርዶ መመለስ ነው፤ በሰዓት ከ3 እስከ 5 እጥፍ፣ ከ600 እስከ 1,000 ሊትር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ቢሆን ጩኸትና አረፋ እንጂ ጥቅም አይጨምርም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ፓምፑ ምንም ከፍታ ሳይወጣ የሚገፋው ነው፤ ከሳምፕ አንድ ሜትር ተኩል ሽቅብ ሲገፋ ብዙ ይቀንሳል፤ የቧንቧው እጥፋትም የራሱን ይወስዳል። አኳሪየሙ ውስጥ ኮራሉን የሚያናፍሱት ግን ዌቭሜከር የሚባሉት በመስታወቱ ላይ የሚጣበቁ ፓምፖች ናቸው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ሁለት ፓምፖች በሰዓት እኩል 4,000 ሊትር ቢገፉም፣ አፈ ጠባቡ ውኃውን በቀጭኑ አፍጥኖ ይወረውረዋል፤ አፈ ሰፊው ግን በዝግታ በሰፊው ያሰራጨዋል። ጠባቡ ፊት ለፊቱ ያለውን ኮራል ሥጋውን ከአጥንቱ ይልጠዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ደግሞ ምንም አይደርሰውም። ስለዚህ ሊትሩን ከቆጠራችሁ በኋላ ፍጥነቱን ለኩ። መሣሪያ አያስፈልግም። ቆንጥራችሁ የዓሣ ምግብ ጣሉ፣ በስልካችሁ ሰዓት ያዙ፣ አንዷ ቅንጣት 50 ሴንቲ ሜትር ለመሄድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀባት ተመልከቱ። 10 ሰከንድ ከሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ለስላሳዎቹ ይደላቸዋል። 5 ሰከንድ ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ነው። አክሮፖራ በሰከንድ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲያገኝ ይፈካል። ይህን ሙከራ ኮራል ባለበት ቦታ ሁሉ አድርጉት፤ ከድንጋዩ ፊትና ከድንጋዩ ጀርባ የምታገኙት ቁጥር እጅግ የተለያየ ነው።

አቅጣጫው ይለዋወጥ

ጅቡቲ ወርዶ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዳር የዋኘ ሰው ያውቀዋል፦ ባሕር በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይገፋም። ማዕበሉ ወደ ዳር ይወስዳችሁና በጥቂት ሰከንድ ውስጥ መልሶ ይጎትታችኋል። ኮራልም የኖረው በዚሁ ወደፊትና ወደኋላ ውስጥ ነው። ውኃው ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ ፊት ለፊቱ ይጎዳል፤ ጀርባው ደግሞ ደለል ያቅፋል። ሲለዋወጥ ግን ዙሪያው ሁሉ በየተራው ይታጠባል፣ ስሷ ሽፋንም ደጋግማ ትፈርሳለች። ይህ ነገር የኮራሉን ቅርጽ እስከመለወጥ ይደርሳል፦ ፖሲሎፖራ የሚባለው ዝርያ ውኃው በሚበረታበት ቦታ ቅርንጫፎቹ ወፍረውና ተቀራርበው ይበቅላሉ፤ ውኃው ጸጥ ባለበት ቦታ ግን ቀጥነውና ተራርቀው ይዘረጋሉ።

ቤት ውስጥ ቀላሉ መንገድ ሁለት ዌቭሜከሮችን በቀኝና በግራ መስታወት ላይ ማድረግ ነው። አንዱን ወደ ውኃው ፊት ቀና፣ ሌላውን ወደ መሐል ዘንበል አድርጉት፤ ሁለቱ ጅረቶች መሐል ላይ ሲጋጩ አቅጣጫው የማይታወቅ ትርምስ ይፈጠራል፤ የሚፈለገውም እሱ ነው። በቀጥታ ጅረት ማለትም በዲሲ የሚሠሩት ዘመናዊዎቹ መቆጣጠሪያ ስላላቸው በራሳቸው ይፈጥናሉ፣ ይዘገያሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ። በ220 ቮልት በቀጥታ የሚሠሩትን ርካሾቹን በሰዓት መቆጣጠሪያ ማፈራረቅ ይቻላል፤ ግን በየሰከንዱ እንዲነሡና እንዲቆሙ አታድርጓቸው፣ ቶሎ ይበላሻሉ። ደቂቃዎች ወይም ሰዓታት ይቆዩ።

የድንጋይ አደራደርም የፍሰት ሥራ ነው። ድንጋዩን ከኋላ መስታወት ጋር አጣብቆ እንደ ግንብ መከመር ከጀርባው የሞተ ውኃ ይፈጥራል። የሞተ ውኃ ምን እንደሚያመጣ ለማየት ከአቃቂ ቃሊቲ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የከተማውን እዳሪ ተሸክመው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በተገደበው አባ ሳሙኤል ይገናኛሉ። ወንዙ ሲፈጥን የተሸከመውን ደለል ውኃው ሲረጋ ያራግፈዋል፤ ማዳበሪያው ይከማቻል፣ እምቦጭ ይነግሣል። ከድንጋያችሁ ጀርባም የሚሆነው ይኸው ነው፤ በእምቦጭ ፋንታ ቀዩ ዝልግልግ ሳይኖባክቴሪያ ይመጣል። ስለዚህ ድንጋዩን ከመስታወቱ አርቁት፣ ዋሻና መተላለፊያ ተዉለት። በየሳምንቱም በትልቅ ሲሪንጅ ስንጥቆቹን እፍ እያላችሁ ደለሉን ቀስቅሱት፤ ፓምፑ ወደ ማጣሪያው ይወስደዋል።

የባልዲ ማዕበል

አሁን ከሁሉ የምወደውን ልንገራችሁ። በሃዋይ የዋይኪኪ አኳሪየም ባልደረባ የነበረው ብሩስ ካርልሰን ያስተዋወቀው ዘዴ አለ፤ ዋናው ዕቃው ባልዲና ቧንቧ ነው። ከአኳሪየሙ በላይ ባልዲ ይሰቀላል። ትንሽ ፓምፕ ውኃ ቀስ እያለ ይሞላዋል። ከባልዲው ሥር የሚነሣ፣ ወደ ላይ ወጥቶ ታጥፎ ወደ አኳሪየሙ የሚወርድ ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ አለ። ውኃው የቧንቧውን እጥፋት ሲያልፍ ሳይፈን የሚባለው ስበት ይነሣና ባልዲው ውስጥ ያለውን ውኃ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ያወርደዋል። ባልዲው ባዶ ሲሆን አየር ይገባና ይቆማል፤ እንደገና መሞላት ይጀምራል። የሚንቀሳቀስ መክፈቻም ሆነ ኤሌክትሮኒክስ ሳይኖረው በየደቂቃው እውነተኛ ማዕበል ይሰጣችኋል።

ጉድለቱም መነገር አለበት። ይጮኻል፣ አረፋ ይረጫል፣ ጨዋማ ጠብታ ግድግዳው ላይ ይለጥፋል፤ የአኳሪየሙም ውኃ ከፍ ዝቅ ስለሚል ከላይ በቂ ባዶ ቦታ ካልተተወ ይፈሳል። ለሳሎን አይመከርም፤ ግቢ ውስጥ የራሱ ክፍል ላለው ሰው ግን ከውድ ማሽን የማይተናነስ ነው። ቃሊቲ የብረት ሥራ አገር ነውና ባልዲውን የሚሸከም ጠንካራ ማቆሚያ የሚበይድላችሁ አታጡም። ብረቱ ግን በደንብ ይቀባ፤ ውኃውን አይንካ። ነሐስና መዳብ ያለበት መገጣጠሚያም በምንም ዓይነት አይግባ፤ ጥቂት መዳብ ለኮራልና ለሽሪምፕ መርዝ ነው።

መብራት ሲሄድ

ያን አንድ ግራም ኦክስጅን አትርሱት። መብራት ሲሄድ የውኃው ፊት ይረጋል፣ በሩ ይዘጋል፣ ዓሣው፣ ኮራሉ፣ በድንጋዩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ግን መተንፈሳቸውን አያቆሙም። ሌሊት ከሆነ አልጌዎቹም ተበዳሪ ናቸው። በባሕር ጠለል ከፍታ የሚኖር ሰው ከእኛ ሲሶ ያህል የሚበልጥ መጠባበቂያ ይዞ ነው ጨለማውን የሚጀምረው። ለእኛ ጊዜው ያጥራል።

የመጀመሪያው መከላከያ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በራሱ የሚነሣ ዓይነት አለ። አረፋው ራሱ ብዙ ኦክስጅን አይሰጥም፤ ጥቅሙ ወደ ላይ ሲወጣ የታችኛውን ውኃ እየጎተተ ወደ ፊት ማምጣቱና ፊቱን ማናወጡ ነው። ሁለተኛው መንገድ የዲሲ ዌቭሜከርን ከባትሪ ጋር ማገናኘት ነው። 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ትንሽ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ 10 ዋት ለሚፈጅ ፓምፕ በወረቀት ከ8 ሰዓት በላይ፣ በተግባር ግን ከዚያ ያነሰ ይቆያል። የፓምፑንና የባትሪውን ቮልት ግን አስቀድማችሁ አመሳክሩ።

ሁለቱም ከሌሉ ማሰሮ ወይም ጆግ አንሡ፤ ውኃ ቀድታችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሳችሁ አፍስሱ፤ በየጥቂት ደቂቃው ይደጋገም። ምግብ አትስጡ፣ ምግብ የኦክስጅን ፍጆታ ይጨምራል። ውኃው ትንሽ ቢቀዘቅዝም አትደንግጡ፤ ቀዝቃዛ ውኃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፣ እንስሳቱም በዝግታ ይተነፍሳሉ።

ሳምፕ ያላቸው ሌላ ጥንቃቄም አለባቸው። ፓምፑ ሲቆም የመመለሻው ቧንቧ ውኃውን ወደ ታች መልሶ ሊስብ ይችላል። ከውኃው ፊት ትንሽ ዝቅ ብሎ ቧንቧው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ፤ ፊቱ ዝቅ ሲል ቀዳዳው አየር ያስገባና ስበቱ ይቋረጣል። ከዚያ ሆን ብላችሁ ማብሪያውን አጥፉና ሳምፑ የወረደለትን ሁሉ መያዙን በዓይናችሁ እዩ። ይህ ሙከራ ወለላችሁ ላይ ምንጣፍ ሳይነጠፍ ቢሆን ይመረጣል።

ኮራሉ ራሱ ይነግራችኋል

ስሌቱ መነሻ ነው፤ ፍርዱን የሚሰጠው ኮራሉ ነው። ፖሊፖቹ ተዘርግተው በዝግታ እየተወዛወዙ ከሆነ ደህና ነው። መዳበሻዎቹ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ተጋድመው ከቀሩ ፓምፑን አዙሩት። ዩፊሊያ ተኮማትሮ ከዋለ፣ ወይም ሥጋው በአንድ ጎን እየሸሸ ነጭ አጥንት ከታየ ፍሰቱ በዝቶበታል። አሸዋው ተቆልሎ የታችኛው መስታወት ከታየም እንደዚያው። በተቃራኒው ኮራሉ ላይ አቧራ ከተኛ፣ ቀይ ዝልግልግ ከተነጠፈ አንሷል።

ቡናማ አቧራ ብቻ ካያችሁ ግን ፓምፑን ከመውቀሳችሁ በፊት ውኃውን ጠይቁ። የአቃቂ ጉድጓዶች ውኃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሐል ያለፈ ነው፤ እንዲህ ያለ ውኃ ሲሊካ ይዞ ይመጣል፤ ሲሊካ ደግሞ ዲያቶም ለሚባሉት ቡናማ አልጌዎች ቀለብ ነው። መድኃኒቱ በአርኦ፣ ማለትም በሪቨርስ ኦስሞሲስ የተጣራ ውኃ ነው። ለሰው የሚስማማ ውኃ ሁሉ ለኮራል አይስማማም።

ዛሬ የተስተካከለው ፍሰት የዛሬ ዓመት አይሠራም። ኮራል ሲያድግ ራሱ ግድግዳ ይሆናል፤ ፓምፑም በውስጡ ኖራ እየተጋገረ ይዳከማል። በየሁለት በሦስት ወሩ ፈታታችሁ በውኃ በተበረዘ ኮምጣጤ ዘፍዝፉት፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፣ አጥባችሁ መልሱት። ከዚያ የዓሣ ምግብና የስልክ ሰዓት ይዛችሁ ፍጥነቱን እንደገና ለኩ።

ከመግዛታችሁ በፊት

ሦስት ነገር ላስታውስ። አንደኛ፣ የአፋር ጨው ለዚህ ሥራ አይሆንም። እሱ ከሞላ ጎደል የገበታ ጨው ብቻ ነው፤ ኮራል በአንድ ሊትር 400 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየምና 1,300 ሚሊ ግራም ገደማ ማግኒዥየም ይፈልጋል። ለሪፍ የተዘጋጀ ጨው ግዙ። ሁለተኛ፣ ድንጋያማ ኮራሎች ሁሉ ኢትዮጵያም አባል በሆነችበት፣ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ከውጭ ለማስመጣት ከማሰባችሁ በፊት የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን ጠይቁ፤ ጉምሩክ ላይ ወረቀት ሲፈለግ ኮራል ከረጢት ውስጥ ሆኖ አይጠብቅም። ሦስተኛ፣ ገና ጀማሪ ከሆናችሁ በለስላሳዎቹ ጀምሩ። የሚፈልጉት ፍሰት ዝቅተኛ ነው፤ ፓምፑም ይረክሳል፣ መብራት ሲሄድም ጭንቀቱ ይቀንሳል።

የጨዋማ ውኃ ወጪ የማይቻላችሁ፣ ቤታችሁ ወርቃማ ዓሣ ወይም ጉፒ ያላችሁም ከዚህ ጽሑፍ ድርሻ አላችሁ። ጨው አልባ ውኃ ከባሕር ውኃ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል፤ ሆኖም 25 ዲግሪ ላይ በባሕር ጠለል 8.3 ሚሊ ግራም ገደማ የሚይዘው ውኃ አቃቂ ላይ 6.3 ገደማ ብቻ ነው። ዓሣችሁ ጠዋት ጠዋት ከላይ አፉን እየከፈተ ከታየ ረሃብ እንዳይመስላችሁ። ምግብ ከመጨመር በፊት የውኃውን ፊት አናውጡለት።

ለገዥ ያለኝ ምክር አጭር ነው። ከሁሉ በፊት በባትሪ የሚሠራውን የአየር ፓምፕ፣ ቀጥሎ ሁለት ዌቭሜከሮች፣ ከዚያ ድንጋይና ጨው፣ ኮራሉን በመጨረሻ። ባትሪውን ሳትይዙ ፓምፕ አትግዙ፤ የውኃውን ፍጥነት ሳትለኩም ኮራል አታስገቡ።